የሶኒክስን ሸክላ ልትገዙ ነው? ኦሪጅናሉን ተዉት

ሰሞኑን ቤቴ የመጣ ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው። «ያቺን የምትጮኸውን ሸክላ የቱን ልግዛ?» እኔ ተሸውጄ ሦስት ዓይነት እትሟን ገዝቻለሁ። እናንተ አንዱን ግዙ።

ሸክላዋ «ሂር አር ዘ ሶኒክስ» ናት፤ በ1965 እ.ኤ.አ. የወጣች፣ ሶኒክስ የተባለው የታኮማ ልጆች የሮክ ባንድ ሥራ። ሲያትል ስኖር ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ታኮማ አፍንጫዬ ሥር ናት። ስማቸውን ግን ሰምቼ አላውቅም ነበር። አንድ ቅዳሜ ያገለገለ ሸክላ ከሚሸጥበት ሱቅ ገብቼ የጥላሁንን ስፈልግ፣ ሻጩ ከዚህችው ሸክላ «ዘ ዊች» የሚለውን ዘፈን ከፈተው። ዘፋኙ ጄሪ ሮዝሊ ሲጮህ ጎረቤት «ኧረ የሰው ያለህ!» ያለ ነው የመሰለኝ። ከበሮው የተቀዳው በአንድ ማይክ ነው፤ ቀረጻው ሁለት ትራክ፣ ማለትም ሁለት የድምፅ መስመር ብቻ። ሁሉም ድምፅ እየተጋፋ በአንድ በር የሚወጣ ይመስላል። በቃ፣ ወደድኳት።

መጀመሪያ ኦሪጅናሉን አሳደድኩ፤ ያኔ ኢቲኬት በሚባለው የሙዚቃ አሳታሚ የታተመውን። 180 ዶላር፣ መላኪያ 14፣ ድምር 194። ሻጩ «ትንሽ ጭረት አለው» ብሎኝ ነበር። «ሳይኮ» የሚለው ዘፈን ላይ መርፌው እየዘለለ አንዲት ቃል ደጋግሞ ያስጮሃል። ልጄ «አባዬ፣ ሰውዬው ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ። የጎረምሶች መጨፈሪያ ስለነበረች ንጹሕ ማግኘት ከባድ ነው። ከተገኘም ዋጋው ለቤት ኪራይ የሚበቃ ነው።

ተናድጄ በ19 ዶላር ሌላ እትሟን ገዛሁ። ሽፋኑ ጥግ ላይ የተቀደደ የዋጋ ወረቀት አየሁ። ልልጠው በጥፍሬ ብፍቅ፣ ብፍቅ፣ አይነሳም። ለካ አብሮ የታተመ ነው! ከአንድ ሰው አሮጌ ሽፋን ላይ ስካን አድርገውት ነው። ድምፁም በስልክ እንደሚሰማ ሙዚቃ ቀጭን ነው፤ ቤዙ የለም። እንዲህ ያለውን በነፃም አትቀበሉ።

በመጨረሻ ኖርተን ሬከርድስ የሚባለው አሳታሚ በፈቃድ እንደገና ያሳተመውን አገኘሁ። 24 ዶላር፣ ከነታክሱ 26 ከ46 ሳንቲም። መርፌው አይዘልም፣ ቤዙ ደረት ይመታል፣ ሽፋኑ ላይ የልጆቹ ፊት ጥርት ብሎ ይታያል። 213 ዶላር አባክኜ ነው እዚህ የደረስኩት።

ኦሪጅናል ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ የምትሉ፣ እዚያው ሱቁ ውስጥ ሁለቱንም ፊት ሳትሰሙ ኪሳችሁ እንዳትገቡ። የኔዋ 194 ዶላር ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች። ማጫወቻው ላይ ያለችው የ24ቷ ናት።