በጎንደር «በነዳጅ ጉድጓድ ቴክኖሎጂ ጉድጓድ እናጥባለን» የሚለውን ውል ከመፈረማችሁ በፊት

የራሳችሁ ጥልቅ ጉድጓድ ላላችሁ የጎንደር የሆቴልና የሕንፃ ባለቤቶች እንዲሁም የጋራ መኖሪያ ቤት ኮሚቴዎች፤

የአንገረብ ግድብ በደለል በመጎዳቱና ከተማው በመስፋቱ የቧንቧ ውሃ በፈረቃም አልዳረስ ስላለ፣ አቅም ያለው ሁሉ ጉድጓድ ማስቆፈር ከጀመረ ቆይቷል። ጉድጓድ ደግሞ ዕድሜው ሲገፋ ውሃው ይቀንሳል። ይህን ያዩ ሰዎች በአሁኑ ወቅት «ለነዳጅና ለጋዝ ጉድጓድ ጥገና የሚውለውን ኮይልድ ቱቢንግ አምጥተናል» እያሉ ከአዘዞ እስከ ማራኪ ውል ይዘው እየዞሩ ነው። ከክፍያው 60 በመቶውን በቅድሚያ ይጠይቃሉ፤ ቀሪውን የሚያስከፍሉት ቱቦው በወረደበት ሜትር ልክ ሲሆን፣ ከሥራው በኋላ ጉድጓዱ ስንት ሊትር እንደሚሰጥ ግን በውሉ ላይ አንድም ቃል አልሰፈረም።

ኮይልድ ቱቢንግ በትልቅ መጠቅለያ ላይ የሚጠቀለል፣ መጋጠሚያ የሌለውና ብዙ ሺህ ሜትር ሊረዝም የሚችል የብረት ቱቦ ነው። ዋና ጥቅሙም ጋዝ ወይም ዘይት ከታች በከፍተኛ ግፊት እየገፋ እያለ፣ በጉድጓዱ አፍ ላይ በሚተከል የግፊት መከላከያ ቫልቭ ውስጥ አልፎ ፈሳሽ ወይም ናይትሮጅን ወደ ታች ማድረስ መቻሉ ነው። ስሊክላይን የሚባለው ቀጭን ሽቦ ከእርሱ በጣም ይረክሳል፤ ነገር ግን ዕቃ ለማውረድና ለማውጣት እንጂ ፈሳሽ ለማስተላለፍ አያገለግልም። የኤሌክትሪክ መስመር ያለው ዋየርላይን የመለኪያ መሣሪያዎችን ያወርዳል፤ ወርክኦቨር ሪግ ደግሞ ቧንቧውን በሙሉ ነቅሎ ማውጣት ሲያስፈልግ የሚቆም ማማ ነው። እኛ ዘንድ ግን ውሃው ከመሬት በታች ብዙ ሜትር ወርዶ የሚገኝ ስለሆነና ወደ ላይ የሚገፋ ግፊት ስለሌለው፣ ኮይልድ ቱቢንግን ውድ ያደረገው ችሎታ እዚህ ሥራ የለውም። እውነተኛው ቢመጣ እንኳ፣ ብረቱ በተጠቀለለና በተዘረጋ ቁጥር ስለሚደክም፣ ስንት ጊዜ እንደወረደ የሚያሳይ መዝገብ የሌለው አሮጌ ቱቦ በጉድጓዳችሁ ውስጥ ተበጥሶ ሊቀር ይችላል።

እኔ ፓምፕ የምገጥም ባለሙያ በመሆኔ፣ አዘዞ አካባቢ በሚገኝ አንድ ሆቴል ሥራቸውን ቆሜ አይቻለሁ። የመጣው ቱቦ ብረት አልነበረም፤ በየሕንፃ መሣሪያ መደብሩ ለግቢ መስመር የሚሸጠው፣ ሰማያዊ መስመር ያለው ጥቁር የፕላስቲክ ጥቅል ነበር፤ አየር ጨምቆ ወደ ታች ከሚገፋው ማሽን (ከኮምፕሬሰሩ) ጋር የተያያዘውም በሽቦ ታስሮ ነው። በኮምፕሬሰሩ ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ ግፊቱ 7 ባር እንደሆነ ይገልጻል። ሠራተኞቹ ቱቦውን 120 ሜትር እንዳወረዱት መዘገቡ፤ በጉድጓዱ ውስጥ ግን ውሃው የቆመው በ30 ሜትር ላይ ነበር። ይህ ማለት 90 ሜትር ያህሉ ቱቦ በውሃ ውስጥ ነው ማለት ነው። በየ10 ሜትሩ የውሃ ከፍታ ወደ 1 ባር የሚጠጋ ግፊት ስላለ፣ አየሩ ከቱቦው ጫፍ ለመውጣት 9 ባር ገደማ ያስፈልገዋል። በ7 ባር ከ120 ሜትር አየር ሊወጣ አይችልም። ስለዚህ ወይ ቱቦው የተባለው ጥልቀት አልደረሰም፣ ወይም ከታች ያለው ስክሪን (ውሃው ወደ ጉድጓዱ የሚገባበት ቀዳዳማ ቧንቧ) ምንም አልተነካም፤ ባለቤቱ ግን የ120 ሜትር ሒሳብ ተጠይቋል።

መጀመሪያ የደፈረሰ ውሃ ወጣ፤ ቆይቶ ጠራ፤ «ይኸው ታጠበ» ተባለ። የውሃው መጥራት የጉድጓዱን አቅም አያሳይም። አቅሙ የሚታወቀው በሰከንድ ስንት ሊትር ሲሳብ ውሃው ስንት ሜትር እንደሚወርድ ከሥራው በፊትና በኋላ በመለካት ብቻ ነው። ለምሳሌ በተቆፈረበት ጊዜ 4 ሊትር በሰከንድ ሲሳብ 20 ሜትር ብቻ ወርዶ የነበረ ጉድጓድ፣ ከእጥበት በኋላ በዚያው 20 ሜትር 2 ሊትር ብቻ የሚሰጥ ከሆነ፣ ውሃው የቱንም ያህል ቢጠራ ግማሽ አቅሙ አልተመለሰም። ይህን ልኬት በውሉ ላይ ለማስፈር እምቢ ያለ ሰው ጋር አትዋዋሉ።

ለእኛ ጉድጓድ የሚበጀው የተለመደው ዘዴ ነው፦ ፓምፑን አውጥቶ በካሜራ ማየት፣ ስክሪኑን በሽቦ ብሩሽ ማሸት፣ ከዚያም ግፊቱ ለጥልቀቱ በሚበቃ ኮምፕሬሰር ደጋግሞ መንፋት። ስክሪኑን የኖራ ቅርፊት ከደፈነው አሲድ፣ የብረት ባክቴሪያ ከሆነ ክሎሪን ሊያስፈልግ ይችላል፤ ሁለቱ ከተቀላቀሉ ግን የሚገድል ጋዝ ስለሚፈጠር፣ ይህን ያለ ባለሙያ የሚሞክር ሰው ወደ ግቢያችሁ አታስገቡ። ከሁሉ በፊት ፓምፑና ቧንቧው ይመርመሩ። የተበላ ኢምፔለር (በፓምፑ ውስጥ እየተሽከረከረ ውሃውን የሚገፋው ክፍል)፣ የተቀደደ ቧንቧ ወይም የወረደ ቮልቴጅ ጉድጓዱ የደረቀ አስመስሎ ያሳያል።

አንድ የሕግ ነገር ልጨምር። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች የሚለው ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው ነው፤ በመሆኑም የሆቴል ባለቤት ዋና መከታው የፈረመው ውል መሆኑን ይወቅ። ቅድሚያ የከፈላችሁ ካላችሁ ሁለተኛውን ክፍያ ከመልቀቃችሁ በፊት፣ በቁፋሮው ጊዜ የተሰጣችሁን የማጠናቀቂያ ሪፖርት ይዛችሁ የፓምፕ ሙከራ (ከላይ ያልኩት የአቅም ልኬት) እንዲደረግ በጽሑፍ ጠይቁ፤ የጥያቄውንም ቅጂ ተቀባዩን አስፈርማችሁ አስቀምጡ።