ቦርሳው ይሠራ፣ ኮፍያው ይቅር

ሳላንዛዛ ልናገር። ጎንደር ፒያሳ ከድሮ የሱፍ ሹራብ ዕቃ የምትሠራዋ ሴትዮ ጋ ከሄዳችሁ ቦርሳ ወይም የላፕቶፕ መያዣ አሠሩ። ኮፍያው ይቅርባችሁ።

ሱቋ ጠባብ ናት፣ ታፔላም የላትም። ከዋናው መንገድ ገባ ብላችሁ ልብስ ሰፊዎቹን "ሹራብ ቀቃይዋ የት ናት?" ብትሏቸው ያሳዩአችኋል። ሹራቡን ራሷ ቅዳሜ ገበያ ከሰልባጁ ክምር ትመርጣለች፣ ካላችሁ ደግሞ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። እኔ ሁለት ይዤ ሄድኩ፤ አንዱ ብል የበላው፣ ክርኑ የተቀደደ፣ እናቴ በየጊዜው "ኧረ ይኼን ነገር ጣለው" የምትለኝ፣ ሌላው ገና አዲስ የሚመስል።

አዲስ የሚመስለውን አልተቀበለችኝም። ከሁለቱም ጫፍ ክር መዘዘችና በክብሪት ለኮሰች። የአሮጌው ክር የተቃጠለ ፀጉር ሸተተ፣ አመዱም በጣቷ ስትነካው ደቀቀ። የአዲሱ ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ሆነ። "ወንድምዓለም፣ ይኼ ላስቲክ ነው፤ እስከ ፋሲካ ባሸው አይጠብም" ብላ መለሰችልኝ። ገንዘብ ተቀብላ የሆነ ነገር ሰፍታ ልትሰጠኝ ትችል ነበር እኮ። እኔን የገዛኝ ይኼ ነው።

ቀቃይዋ ይበሏት እንጂ ሹራቡን አትቀቅለውም። እጅ እንደምንም በሚችለው ሙቅ ውሃና በልብስ ሳሙና ሳፋ ውስጥ ታሸዋለች፣ ቀዝቃዛ ውሃ ትለቅበታለች፣ ደግማ ታሸዋለች። የበግ ፀጉር በዓይን የማይታይ ቅርፊት አለው፤ ሙቀትና ሳሙና ሲያገኘው ቅርፊቱ ብድግ ይላል፣ ሲታሽ ደግሞ አንዱ ፀጉር ከሌላው ጋር ይቆላለፍና በቃ፣ ወደ ድሮው አይመለስም። ጨርቁ ይጠባል፣ ይወፍራል፣ የሹራቡ ዓይን ይጠፋል። ፌልት የሚባለው ይኼ ነው። ደስ የሚለው፣ እንደፈለገች በመቀስ ብትቆርጠው አይተረተርም፤ ጠርዙ መዘምዘም አያስፈልገውም። በማሽን ይታጠባል የሚል ምልክት ያለበትን ሱፍ ግን አትወስድም፣ ምክንያቱም ፋብሪካው እንዳይጠብ ብሎ ቅርፊቱን ቀድሞ አክሞታል።

አሁን ዕቃው። የላፕቶፕ መያዣዬ እንዴት እንዳማረ! የሹራቡን የታችኛውን ጠርዝ ሳትቆርጥ አፉ ላይ አድርጋዋለች፣ ስለዚህ ራሱ ሰብሰብ ብሎ ይዘጋል። ውስጡ የአቡጀዴ ገበር አለው። ገበሩን "አያስፈልግም፣ ዋጋ ቀንሺልኝ" እንዳትሏት፤ ፌልት ክብደት ሲይዝ ይለጠጣል፣ የሚይዘው ገበሩ ነው። ብሉ የበሳቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች ሲታሽ ተደፍነዋል፣ የክርኑን ቆርጣ ጥላዋለች፣ ከተረፈው እጅጌ የሞባይል መያዣ ወጣልኝ። ሹራቡ የራሴ ስለሆነ 700 ብር ከፈልኩ። እሷ ካዘጋጀችው ብወስድ 1,200 ነው ያለችኝ፣ ትንሽ ይወደዳል ግን የእጁን ሥራ ላየ ሰው አይከፋም።

ማንገቻው ላይ ግን አልተስማማንም። የጓደኛዬን ቦርሳ ማንገቻ ከዚያው ከፌልቱ ሠራችላት፤ መጽሐፍ ሲገባበት ተለጥጦ ተለጥጦ ቦርሳው ጉልበቷ ጋ ደረሰ። የቆዳ ማንገቻ ይዛችሁ ሂዱና እሱን ስፊልኝ በሏት። ጎንደር ቆዳ መቼ ጠፍቶ!

ኮፍያው ውፍረቱ እኩል አይደለም፣ ግንባር ይበላል፣ የከተማችን የቀትር ፀሐይ ላይማ ጭራሽ አይታሰብም። ለደባርቅ ብርድ፣ ወይም ስሜን ተራሮች ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ለሚያድር ሰው ይሆን ይሆናል። የፋሲል ግንብ ቅርጽ ያለው የደረት ጌጥም አላት፤ ግንቡ ጀበና ይመስላል። ቱሪስት ይገዛዋል አሉ።

ቀጠሮ አታከብርም። ለጥምቀት ያለችው ጥር ካለቀ በኋላ ነው የደረሰው፣ ስደውልም "ነገ ና" ነበር መልሷ። በክረምትማ ባትሞክሩት ይሻላል፤ ወፍራም ፌልት ያለ ፀሐይ ቶሎ አይደርቅም፣ እርጥብ ሆኖ ከተቀመጠም ይሸታል።

ስታጥቡት በቀዝቃዛ ውሃ፣ ሳታሹ፣ ጨምቃችሁ ሳይሆን በፎጣ ጠቅልላችሁ ተጫኑት። ብል ፌልትንም ይበላል፣ ስለዚህ ቁም ሣጥን ውስጥ ረስታችሁ አትተዉት፤ አልፎ አልፎ አውጥታችሁ አራግፉና ፀሐይ ላይ አስጡት። በቴሌብር መክፈል ይቻላል። ቅዳሜ ጠዋት ገበያ ስለምትወርድ ሱቁ ዝግ ነው።