እማዬ፣ ሸማኔውና ዊሊያምስበርግ

እማዬ ከአዲስ አበባ ከመጣች ሁለት ወር ሆናት። ሞል ሰልችቷታል። ኋይት ሀውስንም በአጥር አሻግራ አይታ «ይሄው ነው?» ብላለች። ስለዚህ አንድ ሐሙስ ፈቃድ ወሰድኩና ጠዋት ከዋሽንግተን አጠገብ ካለችው አሌክሳንድሪያ ተነስቶ፣ የድሮ አኗኗር እንደነበረ የሚታይባትን ዊሊያምስበርግን አስጎብኝቶ ማታ በሚመልስ ቫን ላይ ሁለት ቦታ ያዝኩ።

ቅሬታዬን አስቀድሜ ልገላገል። ጠዋት 1 ሰዓት ተብሎ 40 ደቂቃ ዘገዩ። ሐበሾቹ በሰዓታችን ተገኝተን ፈረንጅ ስንጠብቅ ማየት ነበረባችሁ። ናይንቲ ፋይቭ የሚባለው አውራ ጎዳናም እንደ ልማዱ ተጨናንቆ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጀውን መንገድ ከሦስት ሰዓት በላይ አስኬደን። የባሰው ደግሞ የከፈልነው የመኪናውንና የአስጎብኚዋን ብቻ መሆኑ ነው። በከተማዋ መንገዶች ላይ መዘዋወር በነፃ ነው፤ ቤቶቹና የእጅ ባለሙያዎቹ ሥራ ቦታ ለመግባት ግን ትኬት ያስፈልጋል። ይሄን የነገሩን ከደረስን በኋላ ነው። እናንተ ቀድማችሁ ጠይቁ። ትኬቱን ግን እንዳትሰስቱበት፤ ያለ እሱ የምታዩት ግድግዳና ፈረስ ነው።

ዊሊያምስበርግ በፈረንጆቹ ከ1699 እስከ 1780 የቨርጂኒያ ዋና ከተማ ነበረች። መንግሥቱ ወደ ሪችመንድ ሲዛወር ተረሳች። ከ1926 ጀምሮ ጉድዊን የሚባሉ ቄስ ባለጸጋውን ጆን ሮክፌለር ጁኒየርን አሳምነው ነው ያስጠገኗት። ወደ 90 የሚጠጉት ቤቶች የጥንቶቹ ናቸው። የገዢው ቤተ መንግሥት ግን በ1781 ተቃጥሎ በ1930ዎቹ እንደገና የተሠራ ነው። እማዬ ይሄን ስተረጉምላት «ታዲያ አዲስ ቤት ነዋ!» አለችና ውስጡን በአምስት ደቂቃ ጨረሰችው።

ሸማኔው ቤት ስንገባ ግን ማን ያስወጣት! ሰውዬው የዚያን ዘመን ልብስ ለብሶ፣ እግሩን መርገጫው ላይ አድርጎ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ይልካል። «ከፍ ብሎ ተቀምጦ?» አለች፤ እሷ የምታውቀው ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ነው የሚሠራው። ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን ፀጉር የመሰለ ነገር ምን እንደሆነ አስጠየቀችኝ። ተልባ ነው ስላት አላመነችኝም። ዘሩን ቆልተን፣ ወቅጠን፣ በጥብጠን የምንጠጣው ተልባ! አገዳው ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ፣ ተቀጥቅጦና ተበጥሮ ክር ይወጣዋል፤ ሊነን የሚባለው ጨርቅ ከእሱ ነው። «ስንት ዘመን አገዳውን ስንጥል ኖርን» አለች።

ከዚያ ሰውዬው ነጠላዋን አየ። ማየት ይችል እንደሆነ ጠየቀ፤ ከትከሻዋ አውርዳ ሰጠችው። ጥለቱን በአውራ ጣቱ ዳበሰው፣ ገልብጦ ጀርባውን አየው፣ ወደ መስኮቱ ወስዶ ብርሃን ላይ ዘረጋው። ክሩ በእጅ የተፈተለ ነው ወይ አለኝ። «ማጉን እኔ ነኝ የፈተልኩት፤ ድሩ የፋብሪካ ነው በይው» አለች እማዬ፣ ሃያ ዓመት የቀነሰላት መስላ። ባዘቶ ቢጤ ሲያቀብላት እንዝርት ስላልነበረ በጣቶቿ እያጠነጠነች አንድ ስንዝር ክር አወጣች። አጠገባችን የቆሙት ሕፃናት አጨበጨቡ። አስጎብኚያችን በዚህ ሁሉ መሀል ሰዓቷን አላየችም። አምስቱንም ኮከብ የምሰጣት ለዚህ ነው።

አስጎብኚዋ ጥቁር አሜሪካዊት ናት፤ ነገር አታድበሰብስም። በአሜሪካ አብዮት ዋዜማ ከከተማዋ ነዋሪ ከግማሽ በላይ ጥቁር እንደነበረና አብዛኛውም በባርነት የተያዘ እንደነበር ገና ስንጀምር ነገረችን። የብሬይ ትምህርት ቤት ጋ አቆመችን፤ ትንሽ የእንጨት ቤት ነው፣ በ2023 በመኪና ተጭኖ ነው አሁን ያለበት ቦታ የመጣው። ትምህርት ቤቱ ከ1760 እስከ 1774 የጥቁር ልጆችን ማንበብና ሃይማኖት አስተምሯል፤ በዚህ ቤት የቆየው ግን እስከ 1765 ነው። የትምህርቱ ዓላማ ልጆቹ ዕጣቸውን አሜን ብለው እንዲቀበሉ ነበር። እማዬ ከቄስ ትምህርት ቤት ጋር እያመሳሰለች ስትሰማ ቆይታ «ሲለቀቁስ የት ይሄዳሉ?» አለች። ተረጎምኩ። «ወደ ጌቶቻቸው ቤት» አለች አስጎብኚዋ። እማዬ ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች።

ምሳ ላይ የድሮ መጠጥ ቤት አስመስለው ከሚያስተናግዱት ቤቶች አንዱ ገባን። የለውዝ ሾርባ አዘዝኩ፤ ወፍራም፣ ለስላሳ፣ ዳቦ የሚያስጠቅስ ነው። ክሬም ስላለው ግን ለጿሚ አይሆንም። የሰኔ ጾም ስለነበር እማዬ ጥብስ ድንችና ከቦርሳዋ ያወጣችውን ቆሎ በላች። ቆሎው ሳይሻል አልቀረም፤ ዋጋ አልነበረውማ።

መጨረሻ ላይ ጡብ የሚሠራበት ቦታ ወሰዱን። ጎብኚው ጫማውን አውልቆ ጭቃ ይረግጣል! ሰው ከፍሎ ጭቃ ሲያቦካ አይታ እማዬ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «ጭድ አልጨመሩበትም፣ ይሰነጠቃል» ብላ አስነገረችኝ። ሠራተኛዋ ጡቡ በጥቅምት አካባቢ በእሳት እንደሚተኮስ አስረዳችን።

ቫኑ ውስጥ የተኛች መስሎኝ ነበር። ፍሬድሪክስበርግን ስናልፍ የመመለሻ ቲኬቷን ወደ ኅዳር ማዛወር ስንት እንደሚያስከፍል ጠየቀችኝ።