ቆጋ ላይ ምን ይተከል፦ ቀይ ሽንኩርት ወይስ ድንች?

ጎጃም፣ መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ መስኖ ወደ 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ ታስቦ የተሠራ ነው። በበጋ ለገበያ ምን ይሻላል?

ሽንኩርት ዋጋው ከቀና ጥሩ ገንዘብ ያስገኛል። ችግሩ ሁሉም በአንድ ሰሞን መሰብሰቡ ነው። ገበያው ሲጥለቀለቅ ዋጋው ይወድቃል። ማቆያ የሌለው ገበሬ ደላላው በጠራለት ዋጋ ይሸጣል። ዝናብ ከቀደመው ደግሞ ይበሰብስበታል። በጣም ያሳዝናል፤ ከወራት በኋላ እኮ ከተማ ላይ ያው ሽንኩርት ይወደዳል።

ድንች ዘሩ ብዙ ኩንታል ይፈልጋል፣ ለማጓጓዝም ከባድ ነው። ግን ዋጋ እስኪሻሻል አፈር ውስጥ ትንሽ ይታገሳል። ካልተሸጠም ቤተሰብ ይበላዋል፣ በተለይ በዐቢይ ጾም።

መሬቱ ጠባብ ለሆነ ገበሬ እኔ ድንቹን እመርጣለሁ። ሽንኩርት የሚደፍር ካለ ግን ከጎረቤቶቹ ቀድሞ ይትከል።