ብየዳው ይመሰገናል፣ ቶርኖው ይቀረዋል፦ በደብረ ብርሃን ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚሰጥ የክረምት ስልጠና

ይህ ግምገማ ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ላሉ ተማሪዎች ክረምት ላይ ስለሚሰጠው የ8 ሳምንት ስልጠና ነው። ግማሹ ብየዳ፣ ግማሹ ቶርኖ (ብረቱን እያዞረ በመቁረጫ የሚቀርጽ ማሽን) ነው። ወቀሳም ስላለበት የቤቱን ስም ትተነዋል። ልጃችሁ ብየዳ እንዲለምድ ከሆነ ሳታመነቱ አስመዝግቡት። ለቶርኖው ብላችሁ ከሆነ ግን ከመክፈላችሁ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቡ።

ብየዳው የሰመረው ኤሌክትሮድ (እየቀለጠ ብረቱን የሚያያይዘውን የብየዳ ዘንግ) ስለማይሰስቱ ነው። አንድ የ2.5 ሚሊ ኤሌክትሮድ ነዶ ለማለቅ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አይፈጅም። በቀን አምስት ፍሬ ብቻ የሚደርሰው ተማሪ እንግዲህ ሙሉ ቀን ውሎ እጁ በትክክል የሠራው አምስት ደቂቃ ያህል ነው። እዚህ አንድ ልጅ በቀን እስከ 20 ፍሬ ይደርሰዋል። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ መገጣጠም የሚባል ነገር የለም፤ 6 ሚሊ ላሜራ ላይ ቀጥ ያለ መስመር መጣል ብቻ ነው። አምፒሩ ለ2.5 ሚሊው ከ70 እስከ 90፣ ለ3.2 ሚሊው ከ100 እስከ 130 ይያዛል። በኤሌክትሮዱ ጫፍና በብረቱ መካከል ያለው ርቀት ከኤሌክትሮዱ ሽቦ ውፍረት እንዳይበልጥ ይነገራቸዋል። ድምፁ ድስት ላይ ሽንኩርት ሲቁላላ እንደሚሰማው ወጥ ከሆነ ልክ ነው፤ እየተቆራረጠ ፍንጣሪ ከበዛበት እጁ ርቋል ማለት ነው።

ከሁሉ የወደድነው ሥራውን መልሰው መስበራቸው ነው። ሁለት ላሜራ በቲ ቅርጽ በአንድ ወገን ብቻ ይበየድና ሞርሳ (ብረት ጨምቆ የሚይዝ መሣሪያ) ላይ ታስሮ በመዶሻ ይገነደሳል። ስብራቱ ውስጥ ጥቁር መስመር ከታየ ስላግ (ብየዳው ላይ የሚቀረው ቅርፊት) ሳይጸዳ በላዩ ተበይዷል። የላሜራው ጠርዝ እንደተቆረጠ ሳይቀልጥ ከተገኘ አምፒሩ አንሷል ወይም እጁ ፈጥኗል። ላይ ላዩን ዓሣ ቅርፊት የመሰለ ያማረ ብየዳ ውስጡ ባዶ ሊሆን እንደሚችል ልጆቹ በዓይናቸው ያዩታል። ብዙ የከተማችን በር ሠሪዎችም ይህቺን ፈተና ቢያዩዋት አይጠሉም።

የማጠቃለያው ሥራ 60 በ80 ሳንቲ የሆነ የመስኮት ፍሬም ነው፤ በ40 በ40 ሚሊ አርኤችኤስ (ውስጡ ክፍት የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት)፣ የግድግዳው ውፍረት 1.5 ሚሊ። መጠኑ በዘፈቀደ የተመረጠ አይመስለንም። ማዕዘኖቹ ልክ ከሆኑ ከጥግ ወደ ጥግ የሚለካው ርዝመት በሁለቱም በኩል በትክክል 100 ሳንቲ ይመጣል፤ የሒሳብ መምህራቸው የነገሯቸው ፓይታጎረስ ብረት ለብሶ ይጠብቃቸዋል። አራቱ ጥጎች በነጥብ ተይዘው ይለካሉ፣ ይስተካከላሉ፣ ከዚያ በኋላ ተቃራኒ ጥጎች እየተፈራረቁ ይበየዳሉ። አንዱን ጥግ ጨርሶ ወደ ጎረቤቱ የሄደ ልጅ ፍሬሙ እንደ ጀልባ ይጎብጥበታል። አርኤችኤሱም ስስ ስለሆነ እንደ ላሜራው በ85 አምፒር ከተመጣበት ይበሳል፤ ወደ 60 አካባቢ ማውረድና አጭር አጭር እያደረጉ መበየድ ያስፈልጋል።

ብየዳው ላይ ሁለት ጉድለት አለ። አንደኛው፣ የተከፈተ የኤሌክትሮድ ካርቶን ሲሚንቶ ወለል ላይ መቀመጡ ነው። በሐምሌና ነሐሴ የደብረ ብርሃን እርጥበት የኤሌክትሮዱ ሽፋን ውስጥ ይገባል፤ ያኔ ፍንጣሪው ይበዛል፣ ብየዳውም ጉድጓድ ጉድጓድ ያወጣል። አምፖል የበራበት ክዳን ያለው የእንጨት ሳጥን እርጥበቱን ይከላከል ነበር። ሁለተኛው መብራት ነው። ረጅምና ቀጭን የማራዘሚያ ገመድ ላይ የተሰካ ኢንቨርተር (የብየዳ ማሽን) በአቅራቢያው ያለ ወፍጮ በተነሳ ቁጥር ኃይል ይወርድበትና ኤሌክትሮዱ ብረቱ ላይ ይጣበቃል። ልጁ ደግሞ ጥፋቱን ከእጁ ይቆጥረዋል። ገመዱን ማሳጠርና ማወፈር ብቻ በቂ ነበር።

ወደ ቶርኖው እንምጣ። 16 ተማሪ፣ ሁለት ማሽን። የሦስት ሰዓት ልምምድ ለስምንት ሲካፈል ለአንድ ልጅ 22 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ሌላው ጊዜ ከኋላ ቆሞ ማየት ነው። ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ እየለካና እየመዘገበ፣ አንዱ እየቆረጠ ቢሠሩ እያንዳንዱ ጥንድ 45 ደቂቃ ያገኝ ነበር። ግን ካሊፐሩም (የውፍረት መለኪያው) ሁለት ብቻ ነው! ልኬት ሳይገባው ብረት የሚቆርጥ ልጅ የሚያተርፈው ቁርጥራጭ ነው።

ፍጥነት የሚመረጠው በግምት ነው። ስሌቱ ግን ለ9ኛ ክፍልም አይከብድም፦ የመቁረጫ ፍጥነቱን በ1000 አባዝቶ፣ ለዲያሜትሩና ለ3.14 ብዜት ማካፈል። 30 ሚሊ ለሆነ ተራ ብረት በሃይስፒድ (ጠንካራ የብረት ዓይነት) መቁረጫ በደቂቃ 25 ሜትር ቢያዝ 265 ዙር አካባቢ ይመጣል፤ ማሽኑ ላይ ከዚያ በታች ያለውን ቅርብ ቁጥር መያዝ ነው። እዚህ በ600 ዙር ሲያስኬዱት የመቁረጫው ጫፍ ሰማያዊ ይሆንና ወዲያው ይዶለዱማል፤ ከዚያ “መቁረጫው ርካሽ ስለሆነ ነው” ይባላል።

የመቁረጫው ጫፍ ከሚዞረው ብረት መሃል ጋር እኩል መሆኑም አይረጋገጥም። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ የብረቱ ፊት ሲላጥ መሃሉ ላይ ትንሽ ጡት ከቀረች ከፍታው ተዛብቷል፣ ከሥሩ ቀጭን ላሜራ ይጨመር ወይም ይነሳለት። ሌላው ስውር ስህተት የመዘውሩ ቁጥር ነው። አንዳንዱ ቶርኖ ላይ ቁጥሩ የመቁረጫውን ጉዞ ያሳያል፣ አንዳንዱ ላይ ከዲያሜትሩ የሚቀነሰውን። ግማሽ ሚሊ የገፋ ልጅ በመጀመሪያው ዓይነት ላይ አንድ ሙሉ ሚሊ ያነሳል። ሁለቱ ማሽኖች በዚህ ይለያያሉ፤ በላያቸው ላይ በማርከር ቢጻፍ ብዙ ቡሽንግ (ቀለበት መሰል የማሽን ዕቃ) ከብክነት ይድን ነበር።

ጥንቃቄ ላይ አንድ ነገር በጣም ያሳስባል። ጠዋት ብርዱ የደብረ ብርሃን ብርድ ነውና ልጆቹ ጓንትና ሻርፕ ሳያወልቁ ቶርኖ ላይ ይቆማሉ። ብየዳ ላይ የቆዳ ጓንት ግዴታ ነው፤ ቶርኖ ላይ ግን ማንኛውም ጓንት ክልክል ነው፣ የሚዞር ዘንግ ክሩን ከያዘ እጁን ይዞ ይሄዳል። የናይለን ሹራብም ብየዳ ላይ በፍንጣሪ ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል፤ የጥጥ ቱታ ግዙላቸው፣ ክፍያው አያካትተውም። የብየዳ ማስኮቹ መስታወት ቁጥር 11 ስለሆነ ደህና ነው። ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ብረት የበየደ ልጅ ወተት እንዲጠጣ ሲመክሩ ግን ሰምተናል። ወተቱ ይጠጣ፤ የዚንኩን ጭስ የሚያስወጣው ግን የተከፈተ በርና ነፋስ ነው፣ ሽፋኑንም የሚበየድበት ቦታ ላይ አስቀድሞ በግራይንደር ማንሳት ይገባል።

መጨረሻ ላይ የሚሰጠው ወረቀት የተሳትፎ ነው፤ ሲኦሲን (የሙያ ብቃት ማረጋገጫን) አይተካም።

ለማስመዝገብ ስትሄዱ ልምምድ በሚካሄድበት ሰዓት ሂዱና ቶርኖው ሥር ያለውን ትሪ እዩ። ፍቅፋቂው በዘይት የተነከረና የተለያየ ከሆነ ልጆቹ እየሠሩ ነው። ትሪው ባዶ ሆኖ ስምንት ልጅ ከቆመ፣ የብየዳውን ብቻ ከፍላችሁ መመዝገብ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ።