ለአሮጌ መለኪያ የሚሆን ኪቦርድ፦ ኦርጅናሉን ልግዛ፣ የኮምፒውተር ልሰካ ወይስ ልሥራው?

አምና ከአንድ መሥሪያ ቤት ጨረታ ኤችፒ 16500ቢ ሎጂክ አናላይዘር (የዲጂታል ሰርኪት ምልክቶችን በብዙ መስመር የሚያሳይ መለኪያ) ወጣልኝ። ባጃጅ ላይ ጭኜው ወደ አዘዞ ስወርድ ሾፌሩ ዞር ብሎ «ቴሌቪዥን ነው እንዴ?» አለኝ። «ነው በለው» አልኩት። ከየት ጀምሬ ላስረዳው? ቤት ገብቼ ስሰካው ስክሪኑ በራ፣ ራሱን ፈተሸ፣ አለፈ። ኪቦርዱ ግን የለም። የጨረታው ዝርዝር ላይ «ከነሙሉ ዕቃው» ይላል። መጋዘን ጠባቂውን ብጠይቀው ትከሻውን ሰበቀ።

ከዚያ ወዲህ ለራሴም ለሰውም አምስት ስድስት ኪቦርድ ፈልጌያለሁ። ጎንደር ውስጥ እንዲህ ያለ ዕቃ የሚነካ ሰው ብዙ አይደለም። ግን አለ። ሬዲዮ ጠጋኙ አለ፣ የላብ ቴክኒሻኑ አለ፣ እንደኔ የአሮጌ ዕቃ ሱስ የያዘው አለ። ሁሉም ሲመጡ ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «ኦርጅናሉን ከየት ላግኝ?» እኔ ደግሞ መልሼ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ «ጀርባውን አይተኸዋል?»

ከዚያም በፊት ኪቦርዱ የግድ ያስፈልግ እንደሆነ አስቡ። የኔው 16500ቢ ስክሪኑ በጣት የሚነካ ነው። ኪቦርድ የሚያስፈልገው ለፋይልና ለመስመሮች ስም ለመስጠት ነው። ፊደል በጣት አንድ በአንድ መልቀም ያሰለቻል እንጂ ሥራ አያስቆምም። ጀርባው ላይ የኤችፒ-አይቢ (መለኪያን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ መስመር) ሶኬት ያለው መለኪያ ከሆነ ደግሞ ትእዛዙን ከኮምፒውተር መላክ ይቻላል። በወር አንድ ቀን ለምትጽፉት ስም ብላችሁ ብዙ ገንዘብ አታውጡ።

አሁንም ያስፈልገኛል ካላችሁ መለኪያውን አዙሩት። «ብርቅ ነው» እየተባለ የሚሸጠው ኪቦርድ ብዙ ጊዜ ብርቅ አይደለም። የመለኪያው ፋብሪካ ስም የተለጠፈበት ተራ የኮምፒውተር ኪቦርድ ነው። የሚለየው ሶኬቱ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች የፈረንጅ ናቸው፣ የብሩን ጉዳይ ስናነሳ ብቻ ወደኛ እመለሳለሁ።

ወፍራም ክብ ሶኬት ባለ 5 ቀዳዳ ካያችሁ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ በ1981 ከመጀመሪያው የአይቢኤም ፒሲ ጋር የመጣው፣ ኤክስቲ የሚባለው ነው፤ ወይ በ1984 የመጣው ኤቲ። ሶኬቱ አንድ፣ ቋንቋው ሁለት። የኤክስቲ ኪቦርድ ይናገራል እንጂ አይሰማም። ኤቲ ግን ከመሣሪያው ትእዛዝም ይቀበላል፣ ለየቁልፉ የሚልከው ቁጥርም ሌላ ነው። አንዱን በሌላው ቦታ ብትሰኩት ዝም ይላል። ሰው ደግሞ ዝም ሲል «ተቃጥሏል» ብሎ ይጥለዋል! አንዳንድ የዱሮ ኪቦርዶች ሆዳቸው ላይ ከኤክስቲ ወደ ኤቲ የሚገላበጥ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አላቸው። ቅዳሜ ገበያ ከአሮጌ ዕቃ መሀል እንዲህ ያለ ካገኛችሁ ሳትከራከሩ ግዙት።

ትንሿ ክብ ባለ 6 ቀዳዳ ፒኤስ/2 ነች፣ በ1987 የመጣችው። ቋንቋዋ ከኤቲ ጋር አንድ ነው። ስለዚህ መሀል ላይ ሽቦውን ብቻ የሚያሻግር ርካሽ አዳፕተር ይበቃል። አንድ ወዳጄ የኤችፒ 8590 ተከታታይ ስፔክትረም አናላይዘር (የሬዲዮ ሞገድን በድግግሞሹ ለይቶ የሚያሳይ መለኪያ) አለው። ጀርባው ላይ የኪቦርድ ሶኬት አለ። ለሱ የሚሆን «ኦርጅናል» ኢንተርኔት ላይ አይቶ ሊያዝዝ ተነሥቶ ነበር። ከተዘጋ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ የተረፈ ኪቦርድ ከአዳፕተር ጋር ሰጠሁት። መለኪያውን አጥፍቶ ሰካው፣ አበራው፣ ስሙን ጻፈበት። አለቀ። ማጥፋቱን አትርሱ። እነዚህ ሶኬቶች እንደ ዩኤስቢ መብራት እያለ እንዲነቀሉና እንዲሰኩ አልተሠሩም።

እዚህ ላይ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። ከዩኤስቢ ወደ ፒኤስ/2 የምትቀይረዋ ትንሽ መሰኪያ ውስጧ ባዶ ነው፣ ሽቦ ብቻ። የምትሠራው ኪቦርዱ ራሱ ሁለቱንም ቋንቋ ሲችል ነው። ዛሬ ሱቅ ውስጥ ያለው ርካሽ ዩኤስቢ ኪቦርድ ብዙው አይችልም። ሻጩ «ይሠራል፣ ይሠራል» ቢላችሁ እዚያው ፒኤስ/2 ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ያሳያችሁ።

ራስ የሚያዞረው የኔው ዓይነት ነው። የ16500ቢ ሶኬት የስልክ መስመር ይመስላል። ኤችፒ በ1980ዎቹ ያመጣው ኤችአይኤል የሚባል መስመር ነው። ኪቦርድ፣ ማውስ፣ ምኑም ምኑም አንዱ ከአንዱ እየተቀጠለ እስከ 7 ዕቃ ይሰካበታል። በውስጡ የሚሄደው 12 ቮልት ነው። ይቺን 12 በደንብ ያዟት፣ ወደኋላ እንመለስባታለን። ለዚህ ተራ የኮምፒውተር ኪቦርድ አይሆንም። ወይ ኦርጅናሉን ነው፣ ወይ አስተርጓሚ መሥራት ነው።

ኦርጅናሉ 46021ኤ ይባላል። ጥሩ ኪቦርድ ነው፣ አልዋሽም። ከላይ በኩል ከኤፍ ቁልፎቹ መሀል «ሜኑ» እና «ሲስተም» የሚሉ ቁልፎች አሉት፣ ከታች «ኤክስቴንድ ቻር» የሚል። ሁሉም በቦታው ነው። ችግሩ ዋጋውና መንገዱ ነው። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በዶላር ርካሽ የሚመስለው ወደ ብር ሲመታ ያስደነግጣል። ማጓጓዣው ከኪቦርዱ ዋጋ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። እኔ ያደረግሁትን አድርጉ፤ ለጥምቀት ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ፈልጉ። ጥር 11ን ፋሲል መዋኛ ለማየት የሚመጣ ሰው ሻንጣው ውስጥ አንድ ኪቦርድ አይከብደውም። ብቻ ቀድማችሁ ንገሩት። በታኅሣሥ ማለቂያ ብትነግሩት ሻንጣው በሌላ ሰው አደራ ሞልቶ ታገኙታላችሁ።

የኔው መጣ። ከነካርቶኑ፣ ንጹሕ፣ ቆንጆ። ገመዱ የለም! የ46021ኤ ገመድ ከኪቦርዱ ተነቃይ ነው፣ ሻጩ ደግሞ ኪቦርድ እንጂ ገመድ አልሸጥኩም አለ። የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ የስልክ ገመድ እኮ ነው» ብሎ ከቤት አንድ አመጣ። አልገባም። ቅርፁ ቢመስልም አንድ አይደለም። ጠጋ ብላችሁ ብታዩት የኤችአይኤል ሶኬት አጠገብ ነጥብ አለ፤ አንደኛው ጋ አንድ ነጥብ፣ ሌላኛው ጋ ሁለት። የገመዱም ሁለት ጫፎች እንደዚያው ይለያያሉ። በመጨረሻ ከሌላ ሻጭ የሞተ የኤችአይኤል ማውስ በርካሽ ገዛን። ገመዱን ቆርጬ አንዱን ጫፍ ኪቦርዱ ውስጥ በየድኩት። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን የሶኬቱንና የገመዱን ሁለቱንም ጫፍ ፎቶ ጠይቁት።

አስተርጓሚው ሌላ ዓለም ነው። ትንሽ ቦርድ በአንድ በኩል የዛሬ ኪቦርድ ታነባለች፣ በሌላ በኩል የዱሮውን ቋንቋ ትናገራለች። መለኪያችሁ ኤክስቲ ከሆነ አርዱዊኖ ናኖ የምትባለው በኮድ የምትታዘዝ ቦርድ ትበቃለች። ራሷ 5 ቮልት ስለሆነች ፒኤስ/2 ኪቦርድ በቀጥታ ታነባለች። ዩኤስቢ ኪቦርድ ካላችሁ ሌላዋ እንዲህ ያለች ቦርድ፣ ራስፕቤሪ ፓይ ፒኮ ትሻላለች። ዩኤስቢውን ራሷ ታነበዋለች። ግን እግሮቿ 3.3 ቮልት ናቸው፣ 5 ቮልት አይወዱም። መሀል ላይ ቮልቴጅ የሚያስማማ ትንሽ ቦርድ የግድ ነው።

ለኤችአይኤል ከሆነ ግን ትዕግሥት ይዛችሁ ግቡ። መስመሩ ላይ አንዱ መልእክት 15 ቢት (ዜሮ ወይም አንድ የሚል ምልክት) ነው፣ ለአንድ ቢት የተመደበው ጊዜ 10 ማይክሮ ሴኮንድ። የአርዱዊኖ ሲሪያል ወደብ (መልእክት መላኪያና መቀበያዋ) በዚህ ርዝመት አይናገርም፣ ስለዚህ ቢቱን አንድ በአንድ በሰዓቱ መግፋት ነው። ደግሞም ፊደል መላክ ብቻ አይበቃም። መሣሪያው ሲበራ «ማን አለ?» ብሎ ይጠይቃል። የሚመልስለት ካጣ የለም ብሎ ይደመድማል። የእህቴ ልጅ ኮዱን ለመጨረስ ሁለት ወር ፈጀበት፣ መብራት የሚጠፋበት ሳይቆጠር። ያቺን 12 ቮልት ደግሞ እኔው ራሴ በቀጥታ 5 ቮልት የሚለው እግር ላይ በየድኳት። ጭስ፣ ሽታ፣ ዝምታ። ልጁ ምንም አላለም። ካውያውን ከእጄ ወስዶ አስቀመጠው። ሁለተኛዋን ቦርድ ቮልቴጅ መቀነሻ አስቀድመን ሰካናት።

ኪቦርዱ ከመለኪያው ጋር አብሮ የተሠራ ሲሆንስ? ያኔ ሌላ ኪቦርድ መግዛት ሳይሆን ያለውን ማዳን ነው። ሁለት ዓይነት በሽታ አይቻለሁ። አንደኛው የጎማ ቁልፍ ነው። የቴሌቪዥን ሪሞት የከፈተ ሁሉ ያውቀዋል፤ ጥቁሯ ካርቦን ትደክማለች። በአልኮል ጠርጉት፣ ብዙ ጊዜ ይነሣል። ሁለተኛው ስፖንጅ ነው። የ1970ዎቹና የ80ዎቹ አንዳንድ ኪቦርዶች በየቁልፉ ሥር ክብ ስፖንጅና ብረት የተቀባ ስስ ላስቲክ አላቸው። ላስቲኩ ሲጠጋ ቦርዱ ይሰማዋል፣ መነካካት አያስፈልገውም። ስፖንጁ ግን ዓመት ሲበዛበት እንደ አምባሻ ፍርፋሪ ይሆናል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ኪቦርድ «አልተፈተሸም» ከሚል ሻጭ ስትገዙ ስፖንጁ እንዳለቀ ቆጥራችሁ ዋጋ ተነጋገሩ። ለአንዱ ከስስ ስፖንጅና ከቺፕስ ከረጢት ቆርጬ ሠርቻለሁ፣ የሚያብለጨልጨው ወገን ቦርዱን እንዳይነካ አዙሬ። ስድሳ ምናምን ክብ መቁረጥ እሑድን ይበላል።

ከዜሮ መሥራት? ቁልፎቹ 19.05 ሚሊሜትር እየተራራቁ ይደረደራሉ፣ 64 ቁልፍ በ8 በ8 መረብ 16 ሽቦ ይበቃዋል፣ ለየቁልፉ አንድ ዳዮድ (ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ)። ጽሑፉን ማህተምና ባጅ የሚቀርጹ ቤቶች ይሠሩላችኋል። ያምራል። ግን የምትፈልጉት መለኪያውን ከሆነ አትግቡበት። ኪቦርድ መሥራት ራሱ ከጣማችሁ ብቻ።

እኔ ብሆን? ፒኤስ/2 ወይም ኤቲ ከሆነ ምንም አልፈልግም፣ ያገለገለ ኪቦርድና አዳፕተር ገዝቼ የተረፈውን ብር ለመለኪያው ፕሮብ (የሚለካውን ሰርኪት ለሚነካው ገመድ) አውለዋለሁ። ኤክስቲ ከሆነ አርዱዊኖ። ኤችአይኤል ከሆነና ኮድ የሚጽፍ ልጅ ቤት ውስጥ ከሌለ ኦርጅናሉን ከነገመዱ። ልጁ ካለ ደግሞ ለሱ ቦርድ ግዙለት፣ ሁለት አድርጋችሁ። አንዷን እናንተ ታቃጥላላችሁ።