ቀን ሥራ፣ ማታ ጌም፦ የመጀመሪያ ላፕቶፔ ከአስር ወር በኋላ

አዲስ ላፕቶፕ በመጀመሪያው ሳምንት ሁሌም ጥሩ ነው። ይፈጥናል፣ ያበራል፣ ሁሉም ነገሩ ያስደስታል። ፀባዩ የሚወጣው ቆይቶ ነው። ስለ መጀመሪያ ላፕቶፔ ለመጻፍ አስር ወር ገደማ የጠበቅኩትም ለዚህ ነው። ቀን ቀን ሪፖርት እጽፍበታለሁ፣ ኤክሴል እሠራበታለሁ፣ በቪዲዮ እሰበሰብበታለሁ፣ ፎቶ አስተካክልበታለሁ። ማታ ደግሞ ሥራ ካልበዛብኝ ጌም እጫወትበታለሁ።

ውስጡ ያለው ይሄ ነው። ፕሮሰሰሩ ባለ 8 ኮር ራይዘን 7 7840ኤችኤስ፣ ግራፊክስ ካርዱ (የጌሙን ምስል የሚሠራው) 6 ጊጋባይት ሚሞሪ ያለው አርቲኤክስ 4050፣ ራሙ (የተከፈቱ ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ሚሞሪ) 16 ጊጋባይት፣ ኤስኤስዲው (ፋይልና ጌም የሚቀመጥበት) 512 ጊጋባይት፣ ስክሪኑ 16 ኢንች። ከእነዚህ ዕቃዎች ጋር የተገጣጠመ ላፕቶፕ የሚያወጡ አምራቾች ብዙ ናቸው። የምለው ለአብዛኞቹ ይሠራል።

ስመርጥ ራሴን የጠየቅኩት አንድ ጥያቄ ነው፤ ብዙውን ሰዓት የምውለው በምን ላይ ነው? መልሱ ሥራ ነው። ጌም ቢበዛ ማታ አንድ ሁለት ሰዓት ቢወስድ ነው። ስለዚህ ግራፊክስ ካርዱን ከማየቴ በፊት ስክሪኑንና ኪቦርዱን አየሁ። ዛሬ ድጋሚ ብገዛም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው የምሄደው። የመጀመሪያ ላፕቶፑን የሚገዛ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከካርዱ ነው። ማስታወቂያውም የሚጮኸው ስለሱ ነው።

የስክሪኑ ወርድ ከቁመቱ ጋር ያለው ምጣኔ 16 በ10 ነው፣ ማለትም 1920 በ1200 ፒክስል። ከተለመደው 1920 በ1080 ጋር ስታነጻጽሩት ቁመቱ ላይ የሚጨምረው 120 ፒክስል ብቻ ነው። ሲያነቡት ኢምንት ይመስላል። ኤክሴል ስትከፍቱ ግን ስድስት ያህል ተጨማሪ ረድፍ ታገኛላችሁ። ቀኑን ሙሉ ሰንጠረዥ ላይ ለሚውል ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

የቀለሙን መግለጫ ደግሞ በደንብ አንብቡ። «45 ከመቶ ኤንቲኤስሲ» (ኤንቲኤስሲ የቀለም ስፋት መለኪያ ነው) የሚል ካያችሁ እለፉት። እንዲህ ያለ ስክሪን ኤስአርጂቢ ከሚባለው የተለመደ የቀለም ክልል የሚያሳየው 60 ከመቶውን ትንሽ ቢያልፍ ነው። ቀዩ ይደበዝዛል፣ የሰው ፊት ሕይወት ያጣል። ርካሽ የጌም ላፕቶፖች ብዙ ጊዜ የሚቆጥቡት እዚህ ጋ ነው፤ ካርዱ አሪፍ፣ ስክሪኑ የሞተ። የኔው ኤስአርጂቢን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል። ያስተካከልኩት ፎቶ ስልክ ላይ ሲከፈት ያው ራሱ ሆኖ ነው የማገኘው።

አሁን ወደ ካርዱ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፤ ሳይጠቀስ ሲታለፍ ያናድደኛል። ሁለት ላፕቶፖች ላይ አርቲኤክስ 4050 የሚል ተለጥፎ ስላያችሁ እኩል ናቸው ማለት አይደለም። የካርዱ ሠሪ ኤንቪዲያ የሚጠቀመውን ኃይል ከ35 እስከ 115 ዋት ባለው ክልል ውስጥ አምራቾች እንዲያስተካክሉት ይፈቅዳል። ቀጭን አካል ውስጥ የገባው ትንሽ ዋት ይሰጠዋል፣ ምክንያቱም ሙቀቱን የሚያስወጣበት ቦታ የለውም። ወፈር ያለው ብዙ ዋት ያገኛል፣ በጌም ላይም በግልጽ ይቀድመዋል። ስሙ አንድ፣ ጉልበቱ ሌላ። ስለዚህ የዝርዝር መግለጫው ላይ «ቲጂፒ» (ለካርዱ የተፈቀደለት ኃይል) ከሚለው አጠገብ ያለውን ቁጥር ፈልጉ። አምራቹ ካልጻፈው ያንኑ ሞዴል የፈተሹ ሰዎች ጽፈውት ታገኛላችሁ። የኔው 95 ዋት ነው፤ ለዚህ ካርድ ከበቂ በላይ ነው።

ጌም ላይ በተግባር ምን ይመስላል? ካውንተር ስትራይክ 2 ያለ ችግር በሰከንድ ከ100 ፍሬም (ምስል) በላይ ይሄዳል። እንደ ሳይበርፐንክ 2077 ያለ ከባድ ጌም ደግሞ ዲኤልኤስኤስን (ምስሉን በዝቅተኛ ጥራት ሠርቶ በኤአይ የሚያሳድገውን የኤንቪዲያ ዘዴ) አብርቼ፣ ሴቲንጉን መሃል ላይ አድርጌ በ60 አካባቢ እጫወተዋለሁ። አስቸጋሪው የካርዱ ሚሞሪ ነው። የቴክስቸር (የግድግዳ፣ የመሬትና የዕቃዎች ገጽታ) ጥራቱን እስከ መጨረሻው ከፍ ሳደርገው መጀመሪያ ምንም አይታወቅም። ከሩብ ሰዓት በኋላ መኪና እየነዳሁ ወደ አዲስ ሰፈር ስገባ ምስሉ ቀጥ ይላል፣ ከዚያ ይዘላል፣ የሕንፃው ግድግዳ ደብዝዞ ይቆይና ቀስ ብሎ ይጠራል። 6 ጊጋባይቱ ሞልቶ ነው። ቴክስቸሩን አንድ ደረጃ ብቻ ዝቅ ሳደርገው መቆራረጡ ጠፋ፤ በዓይን ልዩነቱን መለየት ግን አልቻልኩም። አቅማችሁ ከፈቀደ 8 ጊጋባይት ሚሞሪ ያለውን ካርድ ያዙ። ካልፈቀደ ደግሞ በዚህ ሰበብ መግዛታችሁን አትተዉት።

ባትሪ ላይ ተስፋችሁን መጥኑ። ሥራ ብቻ ስሠራ፣ የስክሪኑን ፍጥነት ከ165 ወደ 60 ኸርዝ ዝቅ አድርጌ፣ ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ይቆይልኛል። ጌም ግን ከሶኬት ተነቅሎ አይሆንም። ባትሪው ካርዱ የሚፈልገውን ያህል ኃይል በአንዴ መስጠት ስለማይችል ላፕቶፑ ራሱ ጉልበቱን ይቀንሳል። ጌም መሃል ገመዱ ሲነቀል ፍሬሙ ወዲያው ግማሽ ይሆናል። ይሄ የኔ ላፕቶፕ ብቻ ጉድለት አይደለም፣ የዚህ ዓይነት ላፕቶፖች ሁሉ ፀባይ ነው። የሚመጣው ቻርጀር ከባድ ነው፣ ቦርሳ ውስጥ ይታወቃል። ደግነቱ በዩኤስቢ ሲ በ100 ዋትም ቻርጅ ያደርጋል። ለሥራ ስወጣ ትንሿን ቻርጀር ብቻ ይዤ እወጣለሁ፣ ትልቁ ቤት ይቀራል። ላፕቶፕ ስትገዙ ይህችን ነገር ጠይቁ፤ በየቀኑ ትከሻችሁን ታሳርፋለች።

ብዙውን ጊዜ ተሰክቶ ስለሚውል የባትሪውን መሙያ 80 ከመቶ ላይ እንዲያቆም አድርጌዋለሁ። ሊቲየም ባትሪ ሞልቶ፣ ከዚያም ላይ ሞቆ ሲቀመጥ ቶሎ ያረጃል። ዊንዶውስ በሚያወጣው የባትሪ ሪፖርት መሠረት የኔው እስካሁን ከአዲስነቱ ያጣው ጥቂት ነው።

ድምፁስ? በሥራ ሰዓት ፋኑ አይሰማም ማለት ይቻላል። ጌም ሲከፈት ግን ይነሳል፣ አጠገብ ያለ ሰው ይሰማዋል። ከፍተኛውን የኃይል ሁነታ መጠቀም ካቆምኩ ቆየሁ። መሃለኛው ላይ አድርጌ የጌሙን ፍሬም በ60 ስገድበው ካርዱ አላስፈላጊ ሥራ ስለማይሠራ ሙቀቱም ጩኸቱም ይቀንሳል። የኪቦርዱ መሃል ይሞቃል፣ እጅ የሚያርፍበት ቦታ ግን ቀዝቃዛ ነው። አልጋና ሶፋ ላይ አስቀምጣችሁ ጌም አትጫወቱ፣ አየር የሚስብበት ከሥር ነው።

ስድስተኛው ወር ላይ የታችኛውን ክዳን ፈታሁት። ፋኑ ጠርዝ ላይ አቧራ ስስ ጨርቅ መስሎ ተጋግሯል። ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣቴ ይዤ በለስላሳ ብሩሽ አጸዳሁት፣ ጌም ላይ ሙቀቱ በግልጽ ወረደ። በዚያው ሁለተኛ ኤስኤስዲ ጨመርኩ፤ ዛሬ አንድ ትልቅ ጌም ብቻውን 100 ጊጋባይት ሲያልፍ 512 የትም አያደርስም። ራሙ ሁለት ቦታ ላይ 8 በ8 ሆኖ ተሰክቷል፣ ጥሩ ነው። አንድ ብቻ የተሰካበት ላፕቶፕ ከገዛችሁ ሁለተኛውን ቶሎ ጨምሩ፣ ጌም ላይ ለውጡን ታዩታላችሁ። ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ከሆነ ግን በኋላ መጨመር የለም። እንደዚያ ከሆነ ከመጀመሪያው ከ16 ጊጋባይት አትውረዱ።

የማልወደውም አለ። ካሜራው ደካማ ነው፣ ማታ ስብሰባ ላይ ፊቴ ይጨልማል። ስፒከሩ ቀጭን ነው፣ ያለ ሄድፎን ጌም አይጣፍጥም። የቁልፎቹ ሽፋን ቶሎ የጣት ቅባት ይይዛል። አብረውት ተጭነው የመጡት ፕሮግራሞች ማስታወቂያ እያወጡ ያሰለቹኝ ነበር፣ ሁሉንም አጠፋኋቸው።

ሥራው ሰነድና ኢንተርኔት ብቻ ለሆነ፣ ቀላል ጌም ብቻ ለሚጫወት ሰው ይህን ሁሉ መሸከም አያስፈልገውም። የዚህ ፕሮሰሰር አብሮ የተሠራ ግራፊክስ ራዲዮን 780ኤም ቀላል ጌሞችን በደንብ ያጫውታል። ለብቻው ካርድ የሌለበት ላፕቶፕ ቀለል ይላል፣ ባትሪውም ይቆያል። በየምሽቱ ከባድ ጌም በከፍተኛ ጥራት ለሚጫወትና ከቦታው ለማይንቀሳቀስ ሰው ደግሞ በዚሁ ገንዘብ ዴስክቶፕ የበለጠ ይሰጠዋል። የኔ ቀን ግን ግማሹ ቤት፣ ግማሹ ውጭ ነው፤ ለዚያ ይሄ ላፕቶፕ ልክ ነው። ሁለት ሦስት ዓመት አብሬው እቆያለሁ።